ባለ ሁለት ቋጠሮው ማንጎ

ሼኹ «ቤቱ ውስጥ ቋጠሮ አለ፤ ፈልጉት» ብለው በሄዱ ማግስት፣ ሩዝ ጆንያው ውስጥ ሰባት የተቋጠረ ጨርቅ እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የቋጠርኩትም የቀበርኩትም እኔ ነኝ። ድግምት ግን አይደለም፤ ማንጎ ነው። ይህን የሚያምነኝ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ሰሚሃ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ወሎ፣ መርሳ ነው። ይህ በሆነበት በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሪያድ ነሲም ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሠራተኛ ሆኜ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ያስመጣኝን አሠሪ፣ ከፊሌን፣ ባባ እለዋለሁ፣ ሚስቱን ማዳም። በልቤ አንቱ የምላቸው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የባባ እናት፣ እማ ሂሳ።

እማ ሂሳ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ የስኳር በሽታ ሃያ ዓመት የተጣባቸው ሴት ናቸው። ዋናው ሥራዬ እሳቸው ነበሩ። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ለሶላት ውዱእ አስደርጋቸዋለሁ፣ ሲሰለቻቸው የመርሳን ወሬ አወራላቸዋለሁ። እንደመጣሁ ሰሞን ማዳም ሳህን ሰበርሽ ብላ ስትጮህብኝ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ብለው አስጥለውኛል። የሰበርኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን የምወደውን ያህል ወደድኳቸው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ባባ ከጂዛን የመጣ አንድ ሳጥን ማንጎ ይዞ ገባ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ማምጣት ለመደ። ማንጎው ጥሬ ነው፤ ቢወረወር ሰው ይፈነክታል። እማ ሂሳ ሳጥኑ በበራቸው ሲያልፍ አዩት። እሳቸው የሚያምራቸው ነገር ሁሉ ከተከለከለ ቆይቷል። ተምሩ፣ ማሩ፣ ስኳሩ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ማዳም አንገት ላይ ነው። «አንድ ብቻ፣ ልጄ። ቀምሼ ልሙት» አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። በማግስቱም ለመኑኝ፤ በሦስተኛው ቀን እንባቸው መጣ። የሰማንያ ዓመት ሴት ለማንጎ ስታለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ አንጀቴን በሉት።

ያን ሰሞን የባባ ልጅ ኑፍ ከዩኒቨርሲቲ አንድ መሣሪያ ይዛ መጣች። ትምህርቷ ስለ ምግብ ነው። መሣሪያው እንደ አጭር ቱቦ ሆኖ በአንድ በኩል መስታወት አለው፤ የፍሬ ጭማቂ ጠብ ተደርጎበት በሌላው በኩል በዓይን ሲታይ የጣፋጩን መጠን በቁጥር ያሳያል። ወጥ ቤት ቁጭ ብላ አንድ ጥሬና አንድ የበሰለ ማንጎ ለካች። ጥሬው ሰባት ሆነ፤ የበሰለው አሥራ ዘጠኝ።

«ከአንድ ዛፍ መጥተው እንዴት ነው?» አልኳት።

«ጥሬው ውስጥ ያለው ስታርች ነው፤ እንደ ድንች» አለችኝ። ኑፍ ማስረዳት ትወዳለች፤ በቤቱ የሚሰማት ግን የለም። «ኢንዛይም የሚባሉ ነገሮች አሉ። ፍሬው ውስጥ ያሉ ሠራተኞች በያቸው። አንዳንዶቹ ስታርቹን እየቆራረጡ ስኳር ያደርጉታል። ሌሎቹ ደግሞ ሥጋውን አጣብቆ የያዘውን ይፈታሉ፤ የሚለሰልሰው ለዚያ ነው። ፍሬው ከዛፉ ቢቆረጥም ሥራ አያቆሙም።»

«ደመወዝ ሳይከፈላቸው?»

ሳቀች። እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ሰባት ትንሽ ቁጥር ነው። ሰባት የሆነውን ማንጎ እማ ሂሳ ቢበሉ ምን ይሆናሉ? ችግሩ ጥርስ የላቸውም፤ ጥሬውን መንከስ አይችሉም። የሚያለሰልሱት ሠራተኞች ሥራ ጀምረው የሚያጣፍጡት ገና ሳይነሱ ፍሬውን መያዝ ነው። ይህን ደግሞ ከኔ የበለጠ ማን ያውቃል?

መርሳ ላይ እናቴ ጥሬ ማንጎ የምታበስለው በጨርቅ ጠቅልላ ጤፍ ውስጥ ቀብራ ነው። አንድ ሌሊት ባደረ ቁጥር ጨርቁ ላይ አንድ ቋጠሮ ትጨምራለች፤ መጀመሪያ የገባው ከኋለኛው እንዳይቀላቀልባት። አምስት ቋጠሮ የሆነው ለገበያ ይወጣል። ሁለት ቋጠሮ የሆነውን ግን እኛ ሴቶቹ በጨው እንበላዋለን፤ ለስለስ ብሎ ገና ኮምጣጣ ነው። ጤፍ ስላልነበረኝ አሮጌ ሻርፔን ቀድጄ ማንጎዎቹን ጠቀለልኩና ሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩ። በየማለዳው ቋጠሮ እጨምራለሁ፤ ሁለት ሲሆን አውጥቼ ልጬ፣ ጨው ነስንሼ ለእማ ሂሳ አበላለሁ።

ኑፍን ብጠይቃት ኖሮ ምን ነበረበት! አልጠየቅኳትም። ከእናቴ የተማርኩትን ለተማሪ አላስፈትሽም የሚል ኩራት ነበረብኝ። ጆንያው ያለበት ግምጃ ቤት የኤሲው ሞተር ትኩስ አየሩን የሚተፋበት ጠባብ ክፍል ነው፤ እዚያ ሁለት ሌሊት ማደር መርሳ አራት ሌሊት እንደማደር መሆኑን አላሰብኩም። ልቀምሰውም አልቻልኩም። ረመዳን ከመግባቱ በፊት የሦስት ዓመት ያመለጠኝን ጾም፣ ቀዷዬን፣ እየጾምኩ ነበር፤ ማንጎውን የማበላቸው ደግሞ ረፋድ ላይ ነው።

«ይኮመጥጣል አይደል፣ እማ?» እላቸዋለሁ።

«ፊቴን እስኪያጨማድደኝ!» ይሉኛል፤ አገጫቸው ላይ የወረደውን በጣታቸው እየጠረጉ።

ቅርፊቱ አረንጓዴ ነው፤ ዓይኔ በቅርፊቱ ተታለለ። ሽታው ነግሮኝ ነበር። ሽታውን እያሸተትኩ ዝም አልኩ፤ ደስታቸውን ማየት ስለወደድኩ ዝም አልኩ። ለዚህ ምክንያት አላበጅም።

በሁለተኛው ሳምንት እማ ሂሳ ውሃ ብቻ ማለት ጀመሩ። አንድ ጆግ ጠጥተው ሌላ ይጠይቃሉ፤ ወሬ መሀል እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ማዳም በየማለዳው ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ትለካለች፤ ቁጥሩ በየቀኑ ይጨምራል። መድኃኒቱ ከፍ ተደረገ፤ ቁጥሩ አልወረደም። እኔ ግን ሰባት የምትለዋን ቁጥር ይዤ ከማንጎው ነው ብዬ አላሰብኩም፤ ወይም እንዳላስብ እየሸሸሁ ነበር።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈርታለች። አንድ ቀን ቡና ስቀዳላቸው ለባባ ስትናገር ሰማሁ። «ተምሩን ቆልፈናል፣ ስኳሩን ቆልፈናል። በአፏ ያልገባ ስኳር ደሟ ውስጥ ከየት መጣ? ይህ የሰው እጅ ነው።» ባባ ፍንጃሉን አስቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ሼኽ አስመጣ። ሼኹ ቁርኣን ቀሩባቸው፤ ውሃ ላይ ቀርተው አጠጧቸው፤ ሲወጡ ስለ ቋጠሮው ተናገሩ። ሰባት ቀን ቁርኣን ይቀራባቸዋል፣ እስከዚያ ወደ ሆስፒታል መመላለሱ ይቅር ተባለ። ማዳም ያኔውኑ ግምጃ ቤቱን፣ ምድር ቤቱን፣ የኔንም ክፍል ቆለፈች። ፍተሻው በማግስቱ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሼኹ ባሉበት እንዲሆን ተወሰነ።

በማግስቱ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ የቤቱ ሾፌር አሻግሬ መኪናውን እያጠበ ነበር። የጎጃም ልጅ ነው፤ ቁጥብ ሰው ነው፤ እኔን እህቴ ከማለት ሌላ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። ፊቴን ሲያይ ቱቦውን ዘጋ።

«እህቴ፣ ምን ሆነሻል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ። ማንጎውንም፣ ቋጠሮውንም፣ ሁሉንም። ሳይስቅ ሰማኝ።

«ቋጠሮ አግኝተው ማንጎ ነው ስትያቸው የሚያምኑሽ ይመስልሻል?» አለ። «ባለፈው ክረምት ራውዳ ሰፈር አንዷን ሠራተኛ ትራስ ውስጥ በተገኘ የጸጉር ቁራጭ ወስደዋታል። እስካሁን ወሬዋ የለም። ኸላስ፣ በቃ፤ አሁን የሚሆነውን ልንገርሽ። ከዙህር ሶላት በኋላ ማዳምን ሱቅ አደርሳታለሁ። ስመለስ በሩ ላይ ጠብቂኝ፤ መንፉሓ ሰፈር የሐበሻ ቤት አደርስሻለሁ።»

«ኢቃማዬስ፣ የመኖሪያ ፈቃዴስ? ሁሩብ ይሉኛል፤ ጠፋች ብለው ያስመዘግቡኛል። ኅዳር ላይ በወገኖቻችን እንዳየኸው ለቅመው ተርሂል እስር ቤት ነው የሚያስገቡኝ።»

«ተርሂል ቢያስገቡሽ አገርሽ ነው የሚልኩሽ። እነዚህ ግን የት እንደሚልኩሽ አላውቅም። ያላ፣ አስቢበት፤ ግን ቶሎ።»

ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ልሄድ ወሰንኩ። የቀረኝ እማ ሂሳን ለመጨረሻ ጊዜ ማጠብ ብቻ ነበር። በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይዤ ገባሁ። ከሰሞኑ ካልሲያቸውን አላወልቅም እያሉ ለውዱእም በላዩ ላይ ነበር የማብሰው፤ ብርድ ብርድ ይለኛል ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ደክሟቸው ስለነበር ሳይከላከሉኝ አወለቅኩት።

የግራ እግራቸው ሁለተኛ ጣት ጥቁር ነበር። ጥቁረቱ ጣቱ ላይ አልቆመም፤ ወደ እግሩ ጀርባ ወጥቷል። በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት፤ ጎደጎደና እንደጎደጎደ ቀረ። ሽታውን አልናገረውም።

«እማ፣ አያምዎትም?»

«ምኑ?» አሉኝ።

ጫን እንዳልኩ እንኳ አላወቁም። ካልሲውን በእጄ ሲያዩ ግን ነቁ፤ ክንዴን ጨምድደው ያዙ። «እንዳትናገሪ! የእህቴን እግር ቆርጠው በሳምንቷ ነው የቀበርናት። ማሊልኝ።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ነገሩ ያኔ ነው ቁልጭ ብሎ የታየኝ። ብሄድ ቋጠሮው ይገኛል፣ እኔ ደግሞ ጠፍቻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል? ድግምተኛዋ አመለጠች ብለው ሰባት ቀን ይቀሩባቸዋል፣ ሰባት ቀን ያጠጧቸዋል፤ ያ ጥቁር ነገር ግን ሰባት ቀን አይጠብቅም። ሐኪም ጋ የሚያደርሳቸው እውነቱ ብቻ ነው፤ እውነቱ ያለው ደግሞ እኔ ዘንድ ነው። አሻግሬ ተመልሶ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ። አልወጣሁም። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ ጉልበቴን አቅፌ ባባ የሚመለስበትን የዐስርን አዛን ጠበቅኩ።

ግቢው ውስጥ ላስቲክ ተነጠፈ። አሻግሬ ጆንያውን ተሸክሞ አምጥቶ ገለበጠው። ሩዙ ፈሰሰ፤ ከሩዙ ጋር ሰባቱ ጥቅሎች አንድ በአንድ እየተንከባለሉ ወጡ። አንዳንዱ አንድ ቋጠሮ፣ አንዳንዱ ሁለት። ማዳም አፏን በእጇ ይዛ ጮኸች። ባባ ጨርቁን አወቀው፤ ሻርፑን ሦስት ዓመት ስለብሰው አይቶታል። ወደ እኔ ዞረ።

«ማንጎ ነው» አልኩ። «በአገራችን ፍሬ የምናበስለው እንዲህ ነው። ቋጠሮው ያደረበትን ሌሊት መቁጠሪያ ነው። ለእማ ሂሳ ነው የማበላቸው። ሦስት ሳምንት አብልቻቸዋለሁ። ስኳሩ የመጣው ከዚህ ነው። እግራቸው ሞቷል፤ ካልሲውን አውልቃችሁ እዩት። በአላህ ሆስፒታል ውሰዷቸው!»

«ውሸታም!» አለች ማዳም። ልፈታው ጎንበስ ስል «አትንኪው!» ብላ ወደኋላ ገፈተረችኝ። ባባ ግን ወደ እናቱ ሄደ። እማ ሂሳ በተሽከርካሪ ወንበራቸው በረንዳው ላይ ነበሩ። ከፊታቸው ተንበረከከ።

«እናቴ፣ ይቺ ልጅ ማንጎ አብልታሻለች?»

እማ ሂሳ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ብርድ ልብስ የተሸፈነውን እግራቸውን አዩ። እዚያ ግቢ ውስጥ ከፈጣሪ በታች የነበሩኝ ምስክር እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አልበላሁም» አሉ። «ምንም አላበላችኝም።»

ሰማይ ተደፋብኝ። አልጠላኋቸውም፤ እግራቸውን ፈርተው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያ ቃል እንደዚያ ያመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባባ ስልኩን አወጣ፤ ለማን እንደሚደውል ማንም አልነገረኝም፣ መንገርም አላስፈለገም።

ያኔ ኑፍ ላስቲኩ ላይ ገባች። እናቷ ስትጮህባት አልሰማችም። ባለ ሁለት ቋጠሮውን አንስታ ፈታችው፤ ማንጎው ወጣ፤ አሸተተችው። ቢላና መሣሪያዋን አምጥታ ጭማቂውን ጠብ አደረገችና በዓይኗ አየች። ለብዙ ጊዜ አላነሳችውም።

«ሃያ አንድ» አለች። «ሰሚሃ፣ ይህን ነው በየቀኑ የሰጠሻት?»

«ሰባት መስሎኝ ነው። በሁለት ሌሊት ገና ኮምጣጣ ነው፣ እኛ ዘንድ…»

«ሰባት ቢሆንም ያው ነበር!» አለች፤ አለቀሰች። «ጥሬው ውስጥ ያለውን ስታርች መሣሪያው አያነበውም። ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። ያኔ ሙሉውን አልነገርኩሽም፤ መች ጠየቅሽኝ!»

ኑፍ ብርድ ልብሱን ገልጣ ካልሲውን አወለቀች። ሽታው ግቢውን ሞላው። ሼኹ ከእንግዳ መቀበያው ወጥተው አዩ፤ እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ይህ የኔ ሥራ አይደለም፤ አሁኑኑ ሐኪም ጋ አድርሷት» አሉ። የስኳር መለኪያው ያን ቀን ቁጥር አልሰጠም፤ ከምለካው በላይ ነው የሚለውን ምልክት ብቻ አሳየ። ባባ እናቱን ተሸክሞ ሮጠ። ማዳም እኔን ክፍሌ አስገብታ ከውጭ ቆለፈች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነካኝም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩን የከፈተው ባባ ራሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጺሙን አልነካውም።

«ተነሺ፤ እናቴ ትፈልግሻለች» አለኝ። «እግሯ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ እስከ ነገ አትደርስም ይላሉ። አልፈርምም ብላለች። ሌሊቱን ሙሉ ለምነናታል። አንቺ ካልመጣሽ አልሰማም አለች።»

ሆስፒታሉ ውስጥ እማ ሂሳ ከአልጋው ያነሱ ሆነው አገኘኋቸው። ከልጃቸው በቀር ሌላውን ሰው ሁሉ አስወጡ። እጄን ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቡኝ።

«ልጄ ጣት ብቻ ነው ይለኛል። ሚስቱ ምንም አይቆረጥም፣ ታጥቦ ይመለሳል ትለኛለች። ሐኪሙ ለእኔ አይናገርም፣ ለእነሱ ነው የሚናገረው። ሁሉም እንዳልፈራ ይዋሹኛል» አሉ። ትንፋሻቸው ያጥራቸው ነበር። «አንቺ ትላንት በራስሽ ላይ እውነት ተናገርሽ። እኔ ዋሸሁብሽ። አሁን ንገሪኝ፤ እግሬ ሞቷል?»

አንሶላውን ገለጥኩት። ጥቁረቱ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፏል። ባባ ከአልጋው ማዶ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ ምን እንደምል አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። እህታቸው በሳምንቷ መሞቷን አስታወስኩ። ይቆረጥ ብዬ ቢሞቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ አይቆረጥ ብዬ ቢሞቱም እኔው ነኝ።

«ሞቷል፣ እማ» አልኳቸው። «ከጉልበት በታች ነው የሚቆርጡት። ካልተቆረጠ ይወስድዎታል።»

«ቢቆረጥስ እድናለሁ?»

«አላውቅም።»

ፊቴን በመዳፋቸው ዳበሱኝና «ወረቀቱን አምጡ» አሉ። ባባ እያለቀሰ ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ አስፈረማቸው። አልጋውን ሲገፉት እጄን አልለቀቁም፤ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር አብሬ ሄድኩ።

«ስነቃ እዚህ ሁኚ» አሉኝ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስነቃ እዚህ ትሁን።»

«ኢንሻአላህ፣ እናቴ» አለ ባባ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ያላ፣ እንሂድ ብሎኝ ወደ መኪናው ወረድን። አሻግሬ መሪው ላይ ነበር፤ በመስታወቱ አላየኝም። ሻንጣዬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ማዳም ራሷ አጣጥፋ ነው ያሰናዳችው። ወደ ነሲም የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ አሻግሬ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ባባ በእጁ ወደፊት አመለከተው፣ አለፍነው።

«አላህ ይስጥሽ፤ እናቴን አስፈረምሽልን» አለኝ ባባ ሳይዞር። ከልቡ ነው ያለው። «ግን ከእንግዲህ አንቺን ቤቴ ውስጥ ማየት አልችልም።»

የተርሂሉ አጥር ከሩቅ ሲታይ የማስበው ስለ እሳቸው ብቻ ነበር። አሁን እየቆረጧቸው ነው። እማ ሂሳ ከነቁ መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው፤ የት ሄደች ሲሉም እውነቱን የሚነግራቸው ሰው የለም።